የኦቦ ጉደታ የአየር ቱቦ

ኦቦ ጉደታ መሞታቸውን የነገረኝ ሰበታ የሚኖር ወዳጄ ነው። ስልክ ደወለና «ታሜ፣ ያ የቡራዩ መካኒክ፣ ሽማግሌው፣ አርፈዋል። ቀብራቸው ትናንት ነበር» አለኝ። እኔ ሱሉልታ፣ ወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ቆሜ ጀሪካን እያስጫንኩ ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ ስለተነሳሁ ከዚሁ ልጀምር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። «ተገላገልኩ» የሚል ነገር በውስጤ ሽው ብሎ አለፈ። ወዲያው ራሴን ጠላሁት፣ እንባም መጣ። እንባው ግን ሁለተኛ ነው የመጣው፤ ቅደም ተከተሉን እኔ አውቀዋለሁ።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ማውራት ወግ ነው። የኦቦ ጉደታን ደግነት ለማውራት እኔ የማንስ ሰው አይደለሁም፤ ብዙ አውቃለሁ። ችግሩ ደግነታቸውን ባወራሁ ቁጥር እኔ ያደረግሁት ነገር ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱንም አብሬ እጽፋለሁ።

ያወቅኋቸው ቡራዩ ነው። ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ነበራቸው፤ አጠገቡ ደግሞ ሾፌሮች ጠዋት ጠዋት ፉል የሚበሉበት ሻይ ቤት አለ። አጭር፣ ደንዳና ሰው ነበሩ። ሰማያዊ ቱታቸው ታጥቦ ታጥቦ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መካኒክ ሁሉ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው፤ እሳቸው ግን ሳይጀምሩም ይታጠቡ ነበር። ከዚያ መኪናው ፊት ቆመው ይጠብቃሉ። ኮፈኑን ራሳቸው አይከፍቱም።

«ክፈት እንጂ» ይሉሃል።

«እርስዎ አይከፍቱትም?»

«ቤቱ ያንተ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ። እንግዳ በር ከፍቶ አይገባም።»

አዲስ ደንበኛ ይስቃል። የቆየ ደንበኛ ዝም ብሎ ይከፍታል።

እኔ የሄድኩባቸው በጭስ ምክንያት ነው። አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ያመኑኝና በእጄ የሰጡኝ አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነበር። ጠዋት ከሱሉልታ ወተት ይዤ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ቡራዩ ካለ ዱቄት ፋብሪካ ለከብቶች ፉርሽካ ጭኜ እመለሳለሁ። ስወርድ ደህና ነው። ፉርሽካውን ጭኜ ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት ስወጣ ግን ጉድ ይፈላል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያቃስታል፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ እግረኛው አፍንጫውን ይዞ ይረግመኛል። አንድ ቀን አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ጋሼ፣ ከሰሉን በስንት ነው የምትሸጠው?» ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ያሳየኋቸው መካኒኮች በሙሉ ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፓ ነበር የሚከሱት። ሁለቴ አስፈትቼዋለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ኦቦ ጉደታ ኮፈኑን ካስከፈቱኝ በኋላ ፖምፓውን ዞር ብለውም አላዩት። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ እስከዛሬ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ይህ ሞተር ከየት ነው የሚተነፍሰው?»

አላውቅም ነበር። እጄን ይዘው አሳዩኝ። አየር የሚስብበት አፍ ከራዲያተሩ ኋላ፣ ከጎማው ከፍ ብሎ ተወትፏል። ትኩስ አየር ይስባል፤ ጎማው የሚያስነሳውን አቧራም እዚያው ይቀበላል።

«አንተን ጭስ ቤት ውስጥ ዘግቼ ፉርሽካ አሸክሜ ዳገት ውጣ ብልህ ትወጣለህ?» አሉኝ። «ሾፌር ሁሉ ሞተር የሚበላው ናፍጣ ይመስለዋል። ናፍጣው ወጡ ነው፤ እንጀራው አየሩ ነው። አንተ ወጥ በወጥ አድርገኸዋል፣ እንጀራ የለውም። የማይበላው ወጥ ነው በጭስ የሚወጣው።»

ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ከትልቅ የጭነት መኪና የተነቀለ ሰፊ የአየር ፊልትሮ ቤት አገኙ። ከእሱ ጀምሮ በአሮጌ የውኃ ቱቦና በላሜራ እየበየዱ፣ በኮፈኑ ጎን አውጥተው፣ ከፊት መስተዋቱ አጠገብ እስከ ጣሪያው የሚደርስ የአየር ቱቦ ሠሩለት። አንድም ቦታ ላይ በቀጥታ ማዕዘን አልሰበሩትም፤ «አየር ጥግ አይወድም፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው» ይሉ ነበር። የዝናብ ውኃ እንዳይጠራቀም ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ በሱት። መጋጠሚያውን ሁሉ በጎማ ከመነዳሪ እየጠቀለሉ በብረት ቀለበት አጠበቁት።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ሞተሩን አስነሱኝና ጣሪያው አጠገብ ባለው የቱቦው አፍ ላይ መዳፋቸውን ጫን አደረጉ። ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ አቃሰተ፣ ጠፋ። ፊታቸው በራ።

«አየህ? ሌላ መተንፈሻ የለውም ማለት ነው። መዳፌን አድርጌበት ካልጠፋ ግን የሆነ ቦታ ሌባ አለ።»

ሁለተኛው ፈተና በጣት ነው። ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ ፈትተው ጣት ያስገባሉ። ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ፊልትሮው ሥራውን እየሠራ ነው። አቧራ ይዞ ከወጣ ሞተሩ አቧራ እየበላ ነው። ጣቴን ይዘው አስገብተው ያሳዩኝ ጊዜ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ።

«ሲደፈን ለውጠው» አሉኝ። «ጎሚስታ ጋ ወስደህ በአየር አታስነፋው፣ ወረቀት ነው፣ ይቀደዳል። ያለ ፊልትሮ ደግሞ እንዳትነዳ። አንድ ቀንም። አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ውስጡን ይፍቀዋል።»

በማግስቱ ያንን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ጭስ የለም። ጫፍ ላይ ደርሼ መኪናውን አቁሜ ወረድኩና ብቻዬን ዘለልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን ነው የምናገረው።

ነገሩ በሾፌሩ ዘንድ ተሰማ። በዓመቱ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ያሉ አሮጌ ፒካፖች ጎናቸው ላይ ቱቦ አበቀሉ። ሾፌሮቹ «የጉደታ ቀንድ» ይሉት ነበር። እሳቸው ስሙን ሲሰሙ ያፍሩ ነበር፤ ደስ እንደሚላቸው ግን ያስታውቅባቸዋል። መንገድ ላይ የሠሩትን ቀንድ ካዩ ቆም ይሉና እስኪያልፍ ድረስ በዓይናቸው ይሸኙታል። ፖምፓ ይሠራልኝ ብሎ የመጣን ሰው «ፖምፓህ ደህና ነው፣ ሂድ ወደ ሥራህ» ብለው ሲመልሱት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፣ ሰበታ ያገባች። ጋራዡና ያ ስማቸው ነበር ሀብታቸው።

አሁን ወደ እኔ።

እኔ ከደቡብ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሱሉልታ የመጣሁት ለግንባታ ሥራ፣ ብሎኬት ለመሸከም ነው። የአንድ የአገሬው ገበሬ ልጅ ወደደችኝ። ወንድሞቿ «አገሩን የማናውቀው፣ ሃይማኖቱም ሌላ የሆነ ሰው» ብለው እንቢ ሲሉ አባትየው ናቸው እሺ ያሉት። አማቴ ብዙ አይናገሩም። ፒካፑን የገዙ ዕለት ልጆቻቸውን ሁሉ አልፈው ቁልፉን ለእኔ ሲሰጡ እንኳ «ያዝ» ብቻ ነበር ያሉት። ያንን «ያዝ» ላለማሳፈር ስል ነው አሳፋሪ የሆንኩት።

መጋቢት ነበር፣ ደረቁ ወቅት። ወተት የምሰበስብባቸው የገጠር መንገዶች አቧራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ፊልትሮው ተደፈነ። አዲስ ፈልጌ ያን ሳምንት በልኩ አጣሁ። መኪናው እንደገና ማቃሰት ጀመረ። አንድ የማውቀው ሾፌር ሳቀብኝና «አውጣው በቃ! ፊልትሮ ጭንብል ነው፣ አውልቅለትና ይተንፍስ» አለኝ። ለአንድ ቀን ብዬ አወጣሁት፣ ከወንበሩ ኋላ ወረወርኩት። መኪናው በረረ። እንደዚያ በሮ አያውቅም። አንዱ ቀን ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት ሳምንት ሆነ። ፊልትሮ መፈለጉንም ተውኩት።

ከዚያ ዘይት መብላት ጀመረ። ጠዋት ለመነሳት ይለግማል፤ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፤ ሲነሳ ደግሞ ውስጡ ይንኳኳል። አንድ ቀን ወተቱን ሙሉ እንደጫነ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ወተቱ ተበላሸ። አማቴ ራሳቸው መጥተው አዩት።

«ይህን መኪና ማን ነው የነካው?» አሉ። የሚስቴ ወንድሞች አጠገባቸው ቆመዋል።

«እኔ» ማለት ሁለት ፊደል ነው። አልወጣልኝም። «ያ ቱቦ ነው መሰለኝ» አልኩ። «አቧራ ያስገባ ነበር።»

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው፤ ደንግጦ መዋሸት አንድ ነገር ነው፣ እኔ ግን አስቤበታለሁ። ፊልትሮውን ከወንበሩ ኋላ አውጥቼ ጎሚስታ ጋ ወስጄ አስነፋሁት፣ ሥፍራው መለስኩት፣ የፊልትሮውን ቤት በጨርቅ ወለወልኩት። ከዚያ መኪናውን አስጎትተን ከአማቴ ጋር ቡራዩ ሄድን።

አራት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ሻይ ቤቱ በሾፌር ሞልቷል። ኦቦ ጉደታ በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጡ ነበር። እኔን ሲያዩ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «አካም ጅርታ፣ ታምራት!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አማቴ በመሀል ገቡ።

«ሰላምታህን ያዝ!» አሉ። እንደዚያ ጮኸው አይቻቸው አላውቅም። «በቀንድህ መኪናዬን ገደልከው! አንተ ሽማግሌ አይደለህም፣ አታላይ ነህ! የሰው ንብረት መለማመጃህ ነው?»

ኦቦ ጉደታ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ሆነ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ታምራት፣ ንገረው» አሉ አማቴ።

ሁሉም ያዩኛል። «እኔ ያሉኝን ሁሉ አድርጌአለሁ» አልኩ። «ፊልትሮው አንድ ቀን እንኳ አልወጣም።»

ኦቦ ጉደታ ኩባያቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። መኪናው ፊት ሄደው ቆሙና ጠበቁኝ። እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊልትሮውን አወጡት፤ አገላብጠው አዩት፤ በሁለቱም በኩል ንጹሕ ነው፣ ለሦስት ሳምንት በዚያ አቧራ ውስጥ የሠራ ፊልትሮ እንደዚያ ሊጸዳ አይችልም። ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ ፈቱና ጣታቸውን አስገቡ። ጣቱ ሲወጣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ቀይ አቧራ ነበር። ፊልትሮውን አስነፍቻለሁ፣ ቤቱን ወልውያለሁ፤ ከእሱ ወዲያ ያለውን ረስቼዋለሁ።

ጣታቸውን አዩት። እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ አማቴን ቀና ብለው አዩአቸው። ጣታቸውን ቱታቸው ላይ ጠረጉት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ድምፃቸው ለሻይ ቤቱ ሁሉ ይሰማ ነበር። «መጋጠሚያውን በደንብ አላሸግሁትም። ሞተሩን አውርጄ እሠራዋለሁ።»

አሥራ አንድ ቀን ሠሩት። በየቀኑ እየሄድኩ አጠገባቸው እቆም ነበር፤ ለምን እንደምሄድ አላውቅም፤ ምናልባት እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ይሆናል። «ያንን ቁልፍ አቀብለኝ»፣ «ጨርቅ ስጠኝ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ፊታቸው ግን አልተቆጣም። ሲጨርሱ አማቴ «ያ ቀንድ ይነቀልልኝ» አሉ፤ ኦቦ ጉደታ በገዛ እጃቸው ነቀሉት።

ከዚያ የሆነውን ማየት ነበረብኝ፤ ሥራዬ በየቀኑ በዚያ መንገድ ያሳልፈኛልና። ሾፌሮች ቀንዳቸውን ማስነቀል ጀመሩ። እሱስ ይሁን፣ ግን እያመጡ ጋራዡ በር ላይ ይጥሉት ነበር። አንድ ጠዋት ፉርሽካ ልጭን ሳልፍ ኦቦ ጉደታ ጎንበስ ብለው ከበሩ ላይ ቱቦ ሲሰበስቡ አየኋቸው፤ አራት ወይም አምስት ነበሩ። እያንዳንዱን አቧራውን እየጠረጉ በአጥሩ ጥግ ይደረድራሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደግሞ መኪናው የተበላሸበት ሁሉ «ጉደታ ነክቶት ነው?» እየተባለ ይሳቅበት ነበር። እኔም ስቄያለሁ። አንዴ ብቻ ነው፣ ግን ስቄያለሁ። ዓመት ሳይሞላ ጋራዡን ዘግተው ሰበታ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

እኔ እሑድ እሑድ ቸርች እሄዳለሁ። ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፣ አንዴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ፣ በእንባ። ለእግዚአብሔር መንገር ቀላል ነው፤ አማቴ ጋ ሄዶ አይናገርብኝም።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አልቻልኩም፣ ሰበታ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የአንድ ጎረቤት የውኃ ፓምፕ ይሠሩ ነበር። ቱታቸው ያው ነው። ሲያዩኝ በርጩማ አቀረቡልኝ። ከመቀመጤ በፊት ነገርኳቸው፤ ከተቀመጥኩ የምለው ሌላ ነገር እንደምፈጥር አውቃለሁ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ጣቴ ነግሮኛል። ተቀመጥ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ?»

ብሎኑን ማጥበቃቸውን ሳያቆሙ «ሶዳህ ቆመው ነበራ» አሉ። ሶዳ ማለት በኦሮምኛ አማት ነው። «እኛ ዘንድ ሰው በሶዳው ፊት አይገፈፍም። ሚስቱ የምትፈታበት፣ ልጆቹ የሚበተኑበት ነገር ነው። እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ፣ አንድ መኪና ቢበላሽ ሌላ እሠራለሁ፣ ሰው ይረሳዋል ብዬ አሰብኩ።» መፍቻውን አስቀመጡ። «ሰው ግን አልረሳውም። ይህን አላሰብኩም ነበር።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ዲሲ፣ ተው። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይህ የእኔና ያንተ ነው። ስሜ ግን እኔ ዘንድ የለም፣ ታምራት። ቡራዩ ነው የቀረው። ሂድና አምጣልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ያኔ በተናገርክበት ቦታ ተናገር። ሶዳህም ባሉበት። አሁን ልጆች ወልዳችኋል፣ ትዳርህን አያፈርሱብህም። ያስቆጣቸዋል እንጂ አያፈርሱብህም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። አንድ ጊዜ አንድን ሾፌር መኪናህ የተበላሸው ከልክ በላይ ጭነህ ነው ብለው ሻይ ቤቱ ውስጥ ወቅሰውት ነበር። በኋላ ራሳቸው ያላጠበቁት ብሎን ሆኖ ተገኘ። ለሰውየው ጋራዥ ውስጥ ለብቻው ይቅርታ መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ቤቱ እስኪሞላ ጠብቀው፣ ተነስተው፣ «ትናንት እዚህ የተናገርኩት ውሸት ነው፣ ጥፋቱ የእጄ ነው» ብለው ተቀመጡ። ለእሳቸው ነገሩ እንደዚህ ቀላል ነበር።

«በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው። እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ሲሰናበቱኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚስቴ ታመመች። ከዚያ በዓል መጣ። ከዚያ አማቴ ራሳቸው ታመሙ፤ የታመመ ሰው እንዴት ይነገረዋል? ሲድኑ ደግሞ ገና ማገገማቸው ነው አልኩ። አንድ ቀን ቆርጬ ብቻዬን ሻይ ቤቱ ገባሁ፤ ሻይ አዘዝኩ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ፉርሽካውን ከሌላ ቦታ መጫን ጀመርኩ፣ በቡራዩ ማለፍም ተውኩ። ዓመት አለፈ፣ ከዓመትም በላይ። ኦቦ ጉደታ አንድም ጊዜ አልላኩብኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ስልኬ ላይ ያልተነሳ ጥሪ አየሁ፤ የሳቸው ቁጥር ነው። መልሼ አልደወልኩም። ምን ሊሉኝ እንደነበር ከእንግዲህ አላውቅም።

ወዳጄ በደወለ በማግስቱ ለለቅሶው ሰበታ ሄድኩ። ልጃቸው ስሜን ስነግራት ከሰው መሀል ተነስታ አቀፈችኝ።

«ታምራት እርስዎ ነዎት? አባቴ ስለ እርስዎ ያወራ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር 'ታምራት የሚያመጣልኝ ነገር አለ፣ እሱ እንዳይሆን' ይለኝ ነበር። ምን ሊያመጣልህ ነው ስለው ይስቃል እንጂ አይነግረኝም።»

ለእሷም አልነገሯትም። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ቦታ ለቀቁልኝ፤ የሟቹ የቅርብ ሰው መስያቸው ከፊት አስቀመጡኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አማቴን «ቡራዩ አብረን እንሂድ» አልኳቸው። ለምን አላሉኝም፤ ጋቢያቸውን ደርበው ከጎኔ ተቀመጡ። የነገርኳቸው መኪና እየነዳሁ ነው። መሪ ይዞ መናገር ይቀላል፣ ፊት ለፊት አትተያይም። ፊልትሮውን ያወጣሁበትን፣ ከወንበሩ ኋላ የወረወርኩትን፣ ያስነፋሁትን፣ የወለወልኩትን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። የኦቦ ጉደታን ጣት ነገርኳቸው። ለምን ጥፋቱን እንደወሰዱም ነገርኳቸው። አማቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። ዳገቱን ጨርሰን ወርደን፣ ከተማውን አቋርጠን ቡራዩ እስክንገባ ድረስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«እሱ በሕይወት እያለ ለምን አልነገርከኝም?»

ማርሽ ቀየርኩ። እሳቸውም አልደገሙትም።

የጋራዡ ቦታ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል። ሻይ ቤቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ ባለቤቱም ሌላ ነው። ጠዋት ስለሆነ ሞልቷል፤ ፊቶቹን አንድ በአንድ ብፈልግ የማውቀው አንድ ሰው አጣሁ። አብዛኞቹ ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩ ወጣት ሾፌሮች ናቸው። ልመለስ ብዬ ነበር። አማቴ ግን ከአጠገቤ ቆመው ይጠብቁኛል።

ተናገርኩ። እዚህ ቦታ ላይ አንድ ሰው ላይ በሐሰት መስክሬአለሁ አልኩ። መኪናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ፊልትሮ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ የኦቦ ጉደታ ሥራ እንከን አልነበረውም። ስጨርስ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ የጤና እንዳልሆንኩ አስቦ ይሆናል። በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሹካውን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ኦቦ ጉደታ ማን ናቸው?»

አፌን ከፈትኩ። ከእኔ በፊት አማቴ መለሱለት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በማያውቋቸው ልጆች ፊት አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«እኔ በሰው ፊት አታላይ ነህ ብዬ የሰደብኩት ሰው ነው» አሉ።